የአቃቂ ውሃ፣ የሽፈራው ፍሬና «99 በመቶ ያጠራል» የሚባለው ነገር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እናቴ በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያመርታሉ። ውሃውን በሞተር ስበን ነው የምናጠጣው፤ በቀን ወደ 50 በርሜል ይሆናል። ውሃው ከባድ ብረቶች አሉበት ይሉናል። አንድ ቪዲዮ ላይ ደግሞ የሽፈራው ፍሬ፣ የቡና ገለባ፣ እምቦጭና ቬቲቨር ሳር ብረቱን 99 በመቶ ያስወግዳሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ብዙ ገንዘብ የለንም። ምን ብናደርግ ይሻላል? አትክልቱን በደንብ ማጠብና መቀቀልስ አይበቃም?»

ሰላም እህቴ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። የሰማሻቸው ነገሮች በሙሉ ብረት ይይዛሉ፤ እሱ ውሸት አይደለም። እናንተ ማሳ ላይ ግን አንዳቸውም 99 በመቶ አያስወግዱም። ያላችሁን ገንዘብ ማዝቀጫ ኩሬ ላይ፣ የምትዘሩትን በመቀየርና አንድ ጊዜ ላብራቶሪ በማስመርመር ብታውሉት ይሻላችኋል። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳሽ።

የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በጊዜው ይበሰብሳል። ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ይፈርሳል፣ ያልቃል። ብረት አይበሰብስም። ከከባድ ብረቶቹ አንዱ የሆነው ካድሚየም ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ካድሚየም ነው። ማንኛውም የማጣሪያ ዘዴ፣ ውዱም ርካሹም፣ የሚሠራው ብረቱን ከውሃው አውጥቶ ሌላ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። ዝቃጭ ላይ፣ ጠጠር ላይ ወይም የተክል ሥር ላይ። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ተክል ብረት ያጠፋል» ካለሽ «ከዚያስ የት ሄደ?» ብለሽ ጠይቂው። መልስ ከሌለው ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነው።

99 በመቶ የሚለው ቁጥር ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ከላብራቶሪ ነው። ተመራማሪው ንጹሕ የተጣራ ውሃ ይወስዳል። አንድ ብረት ብቻ፣ እርሳስ እንበል፣ መዝኖ ያሟሟበታል። ፒኤቹን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት ልክ፣ ብረቱ በደንብ ወደሚያዝበት ደረጃ ያስተካክላል። ከዚያ 100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ 1 ግራም የቡና ገለባ ዱቄት ጨምሮ ያማስላል። ገለባው ላይ ብረት የሚይዙ ቦታዎች ስላሉ ብረቱ ይለጠፍበታል። ውጤቱ እውነት ነው፣ ጥናቱም ጥሩ ጥናት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እናንተ ማሳ እናምጣው። 50 በርሜል 10,000 ሊትር ነው። በዚያው ልክ ካሰብነው በየቀኑ 100 ኪሎ የተፈጨ ገለባ ያስፈልጋችኋል። ሲመሽ ደግሞ 100 ኪሎ ብረት የያዘ እርጥብ ገለባ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ማዳበሪያ ማድረግ አይቻልም፣ ማገዶ ማድረግም አይቻልም። በዚያ ላይ የአቃቂ ውሃ የላብራቶሪ ውሃ አይደለም። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሳሙናና የሰው ቆሻሻ አለበት። እነዚህ ሁሉ ገለባው ላይ ያለውን ቦታ ይሻማሉ፤ ብዛታቸውም ከካድሚየሙ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ቪዲዮው ይህንን ሳይነግርሽ መቅረቱ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰው አምኖት ገንዘቡንና ጉልበቱን ያፈስበታል።

ሽፈራው የተለየ ታሪክ አለው። እኔ የምወደው ዛፍ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን የኤሌክትሪክ ሙሌቱ አዎንታዊ ነው፤ በድፍርስ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ጭቃ ደግሞ አሉታዊ። ሁለቱ ሲገናኙ ጭቃው ይሰበሰብና ይወርዳል። ሱዳን ውስጥ ሴቶች የድፍርሱን የአባይ ውሃ በዚህ ዘዴ ሲያጠሩ ኖረዋል። ጭቃው ላይ የተለጠፈ ብረት ካለ አብሮ ይወርዳል። ውሃው ውስጥ የሟሟው ብረት ግን አብዛኛው እዚያው ይቀራል። መጠኑንም አስቢው፦ በሊትር 100 ሚሊግራም ብታደርጊ ለ10,000 ሊትር በቀን 1 ኪሎ የተላጠ ፍሬ ይፈልጋል። ለቤት ባልዲ ጥሩ ነው። በዚያም ቢሆን የዱቄቱ ትርፍ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ይሸታል። ለመስኖ ግን አያዋጣም። ፍሬውን ለችግኝ አድርጉት፤ ቅጠሉ ይበላል።

እምቦጭን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ ነው ያለኝ፦ አታምጡት። ብረት በሥሩ መያዙ እውነት ነው፣ ያውም በደንብ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ ያደረገውን አገር ሁሉ አይቷል። በጥቂት ሳምንታት ራሱን እጥፍ የሚያደርግ ተክል ነው። ከኩሬያችሁ አንድ ግንጥል አምልጦ ወንዝ ቢገባ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከተበከለ ውሃ ላይ የተነቀለ እምቦጭ ለከብት መኖ አይሆንም። ከውሃው ያወጣችሁትን ብረት በወተት ወይም በጉበት በኩል ወደ ቤት መመለስ ነው የሚሆነው።

ወደ ቬቲቨርና ወደ ረግረግ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በተፈጥሮ ዘዴ ብረት ስለመያዝ ሲወራ ከሁሉም የበለጠ የሚያሳምነኝ ሰው ሠራሽ ረግረግ ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚጠልቅ ገንዳ ይቆፈራል፣ ውሃ እንዳያሰርግ ይደረጋል፣ በጠጠር ይሞላል፣ ፊላ ወይም ሸምበቆ ወይም ደንገል ይተከልበታል። ፍሳሹ ከጠጠሩ በላይ ሳይወጣ በውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል። የሚያየው ሰው ሥራውን የሚሠራው ተክሉ ይመስለዋል። ብረትን በተመለከተ ግን የተክሉ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ዋናው ሥራ ያለው ታች ነው።

ሲሠራ የቆየ ረግረግ ላይ ጠጠሩን በእጅሽ ብትጭሪው ላዩ ቡናማ ነው። አንድ ስንዝር ወረድ ስትይ ጥቁር ይሆናል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ያ ሽታ ደስ ሊያሰኝሽ ይገባል። እዚያ ኦክስጅን የለም። ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይቀይሩታል። ሰልፋይዱ ካድሚየምን፣ እርሳስን፣ ዚንክንና መዳብን ያዝ ያደርግና በቀላሉ የማይሟሟ ደቃቅ ድንጋይ ያደርጋቸዋል። የተክሉ ሥራ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ መስጠት፣ ጠጠሩ እንዳይደፈን መርዳትና ውሃው እንዲዘገይ ማድረግ ነው። ለዚህ ነው ፊላውን አጭዳችሁ ብትወስዱ ብረቱን ወሰዳችሁ ማለት ያልሆነው። ብረቱ ጠጠሩ ውስጥ ነው ያለው። ረግረጉ በበጋ ከደረቀ ደግሞ አየር ይገባል፣ ሰልፋይዱ ይፈርሳል፣ ብረቱ መልሶ ይለቀቃል። ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ የማይችል ሰው ረግረግ ባይጀምር ይመረጣል።

ይህ ዘዴ ቦታው የት ነው ካልሽኝ ፋብሪካው በር ላይ ነው። ሞጆን እንውሰድ። ከተማዋ የቆዳ ፋብሪካዎች መናኸሪያ ናት፤ የሞጆ ወንዝም ወደ ቆቃ ይወርዳል። ቆዳ በክሮሚየም ሲለፋ ቆዳው የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው። ቀሪው በማልፊያው ውሃ ይወጣል፤ በአንድ ሊትር በግራም የሚቆጠር ክሮሚየም ማለት ነው። ይህን ያህል ብረት ረግረግ ላይ መልቀቅ ረግረጉን መግደል ነው። መጀመሪያ ያንን ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ለይቶ መያዝ፣ በኖራ ወይም በማግኒዚየም ኦክሳይድ ፒኤቹን ወደ 8 እና 9 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ክሮሚየሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሙቶ እንደገና ቆዳ ማልፊያ ይሆናል። ፋብሪካው ራሱ የሚገዛው ኬሚካል ስለሆነ ሲደፋ ኪሳራው ሁለት ነው፦ የእሱም የወንዙም። ከዚያ በኋላ የሚተርፈውን ትንሹን ብረትና ሌላውን ቆሻሻ ረግረጉ በደንብ ይጨርሰዋል። አደገኛው የክሮሚየም ዓይነት፣ ክሮሚየም 6፣ ቢኖር እንኳ ኦክስጅን የሌለው ጥቁሩ ጠጠር ወደ ክሮሚየም 3 ይመልሰዋል። ክሮሚየም 3 በቀላሉ አይንቀሳቀስም፣ መርዛማነቱም በጣም ያነሰ ነው።

ከወንዝ ለሚያጠጣ ሰው ግን ረግረግ ሰፊ መሬት ይፈልጋል። እናትሽ መሬት እንደማይተርፋቸው እገምታለሁ። ቬቲቨር ግን ቦታ አይፈጅም። በወንዙና በማሳው መካከል ሁለት ረድፍ ጠበቅ አድርጋችሁ ትከሉት። ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል ያስቀራል፣ ዳርቻው እንዳይናድ ይይዛል። ብረት ሲወስድም አብዛኛውን ሥሩ ላይ ነው የሚያስቀረው። የታጨደውን ሳር ለቤት ክዳን መጠቀም ይቻላል። ሳይመረመር ለከብት አትስጡ፣ መደብ ላይም አታልብሱት።

አሁን ማዝቀጫ ኩሬው። እንደ አቃቂ ባለ ደፍራሽ ወንዝ ውስጥ እርሳስና ክሮሚየም በብዛት የሚጓዙት በደለሉ ላይ ተለጥፈው ነው። ቡና ሳይሰክን ከተቀዳ አተላው ሲኒ ውስጥ ይገባል፤ ከወንዝ በቀጥታ በሞተር ማጠጣትም እንደዚያ ነው። ውሃው ይስከን።

ሁለት ኩሬ ቆፍሩ። እያንዳንዱ 5 ሜትር በ4 ሜትር ይሁን፣ ጥልቀቱ 1.3 ሜትር። የታችኛውን 30 ሳንቲ ምንጊዜም አትንኩት። የላይኛው 1 ሜትር 20 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የሁለት ቀን ውሃችሁ ነው። አንዱ ሲሰክን ከሌላው ታጠጣላችሁ። አካባቢው ጥቁር መረሬ አፈር ስለሆነ እርጥብ ሆኖ እስከቆየ ብዙ አያሰርግም፤ አንዴ ከደረቀ ግን ይሰነጠቃልና ባዶውን አታቆዩት። የሞተሩን መሳቢያ ቱቦ ጫፍ ባዶ ጀሪካን ላይ እሰሩት። ጀሪካኑ ይንሳፈፋል፣ ቱቦው ከላይ ያለውን የጠራ ውሃ ብቻ ይስባል። የልጆች ነገር አለና ዙሪያውን እጠሩት፤ ይህንን በቀላሉ አትለፉት።

ኩሬው ሌላም ጥቅም አለው። እውነቱን ለመናገር የአቃቂ ውሃ ፈጥኖ የሚያመጣው ጉዳት ከብረት ይልቅ ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጣው ነው፤ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ የትላትል እንቁላል። ውሃው በሰከነ ቁጥር ከእንቁላሉ ብዙው አብሮ ይወርዳል። ውሃውን ቅጠሉ ላይ ከመርጨት በቦይ ከሥር ማጠጣትም ብዙ ይረዳል።

ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ለም ይመስላል፣ ጥቁር ነው፣ እጅ ያጓጓል። መደብ ላይ እንዳታፈሱት። ብረቱ ያለው እዚያ ነው። ከማሳውና ከወንዙ ራቅ ያለ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ጉድጓድ አዘጋጁለትና በአፈር ሸፍኑት። በበልግና በክረምት መግቢያ ወንዙ ሲደፈርስ ደግሞ ጨርሶ ውሃ አትሳቡ።

ኩሬው የማይይዘው አለ፤ ካድሚየም። ከእርሳስ ይልቅ ሟሙቶ መጓዝ ይወዳል፣ ከአፈርም ወደ ቅጠል በቀላሉ ይወጣል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውሃ ያስቀመጠውን ጣሪያ እዪው። ለእርሳስ በሊትር 5 ሚሊግራም ነው፣ ለካድሚየም 0.01። የ500 እጥፍ ልዩነት ነው። እርሳስ አፈር ላይ ይጣበቅና ወደ ተክሉ እምብዛም አይወጣም። ካድሚየም ግን ተክሉን ራሱን ሳይጎዳው ሰውን የሚጎዳ መጠን ላይ ይደርሳል። ሰላጣው አረንጓዴ፣ ለምለም፣ የሚያምር ሆኖ ነው ገበያ የሚወጣው።

በጣሪያው ልክ ውሃ ብታጠጪ ምን እንደሚሆን አብረን እናስላ። አንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ 100 ግራም ካድሚየም ገባ ማለት ነው። የላይኛው 20 ሳንቲ አፈር በሄክታር ወደ 2,400 ቶን ይመዝናል። በኪሎ አፈር በዓመት 0.04 ሚሊግራም ገደማ ይጨመራል። ምንም አይመስልም። በ20 ዓመት ግን ወደ 0.8 ይደርሳል፤ ለቆስጣና ለሰላጣ አሳሳቢ ነው። ጃፓን ውስጥ በቶያማ የጂንዙ ወንዝ ዳር የሆነው ይኸው ነው። ከላይ ካለው የካሚዮካ ማዕድን የወጣ ካድሚየም በመስኖ ሩዝ ማሳ ገባ። ለዓመታት ያንን ሩዝ የበሉ፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ አጥንታቸው በትንሽ ነገር ይሰበር ጀመር። የጃፓን መንግሥት ኢታይ ኢታይ የተባለው የዚህ በሽታ ምክንያት ካድሚየም መሆኑን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እናንተን ለማስፈራራት አይደለም ያነሳሁት። በየቀኑ ለዓይን የማይታይ ነገር በዓመታት ስለሚጠራቀም ነው።

ስለዚህ የምትዘሩትን መቀየር ከማንኛውም ማጣሪያ በላይ ይሠራል። ካድሚየም በመሳብ ሰላጣና ቆስጣ ከፊት ናቸው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒና የበቆሎ እሸት ከኋላ ናቸው፤ ብረቱ ፍሬ ጋ እስኪደርስ ብዙው ሥርና ቅጠል ላይ ይቀራል። ካሮትና ድንች መሐል ላይ ናቸው፤ ከተዘሩ ይላጡ። እናትሽ የቅጠላ ቅጠል ደንበኞች እንዳሏቸው ይገባኛል፣ ገበያው በየሳምንቱ ገንዘብ የሚሰጠውም ቅጠሉ ነው። በአንዴ ሁሉንም ቀይሩ አልልም። ቦዩ ከሚገባበት ጫፍ ጀምሩ። ደለሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ብረትም የሚበዛው እዚያ ነው። እዚያ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ወይም የአበባና የዛፍ ችግኝ፤ ቅጠሉን ወደ ሩቁ መደብ። በደንብ የተብላላ ፍግ በየዓመቱ ጨምሩ፣ ብረት ይይዛል። ኖራ ግን ፒኤቹ ሳይለካ አትጨምሩ። ኖራ የሚጠቅመው አሲዳማ አፈር ላይ ነው፤ ጥቁሩ አፈር ብዙውን ጊዜ ያንን አይፈልግም።

ማጠብና መቀቀል ላልሽው፦ ማጠብ ቅጠሉ ላይ የተረጨውን አፈርና አቧራ ያስወግዳል፤ ከእርሳሱ ብዙው እዚያ ላይ ስለሆነ ይጠቅማል። ለጀርምም ይጠቅማል። ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ካድሚየም ግን እጥበት አያወጣውም፣ እሳትም አያጠፋውም።

የመጨረሻው ምርመራው ነው። ውሃውን ብቻ አታስመርምሩ። ወንዝ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል፤ ጠዋት የቀዳችሁት ንጹሕ ሆኖ ማታ ሌላ ነገር ሊያልፍ ይችላል። አፈር ግን የዓመታቱን ሁሉ ይዟል። ሦስት ናሙና ብቻ መክፈል ከቻላችሁ አንዱን ቦዩ ከሚገባበት መደብ አፈር፣ አንዱን ከሩቁ መደብ አፈር፣ አንዱን ከቆስጣው ቅጠል አድርጉት። አፈሩን ከዐሥር ያህል ቦታ ከላይ እስከ 20 ሳንቲ ወስዳችሁ በፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅሉ። በዚንክ የተለበጠ አካፋ አትጠቀሙ፣ ውጤቱን ያዛባል። ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ክሮሚየምና የአፈሩን ፒኤች ጠይቁ። የቅጠሉ ውጤት በእርጥብ ክብደት እንዲሰጣችሁ ንገሯቸው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ካድሚየምና 0.3 ሚሊግራም እርሳስ ነው፣ ያውም በእርጥብ ክብደት።

ከመክፈላችሁ በፊት ማሽናቸው ዝቅ ብሎ እስከ ስንት እንደሚያነብ ጠይቁ። ከ0.2 በታች በደንብ የማያነብ ማሽን «አልተገኘም» ብሎ ቢጽፍላችሁ ምንም አልነገራችሁም። ውጤቱ ሲደርሳችሁ ከነመለኪያው ጻፊልኝ። በሚሊግራምና በማይክሮግራም መካከል የ1,000 እጥፍ ልዩነት አለና የትኛው እንደሆነ ወረቀቱ ላይ እዪልኝ። የትኛው ናሙና ከየትኛው መደብ እንደተወሰደም አብረሽ ብትጽፊ የቱ መደብ ላይ ምን ይዘራ የሚለውን ከእናትሽ ጋር ሆነን እንወስናለን።